ከፋ ስም አለው፤ ደንብ ይጎድለዋል

ቡና የት ተገኘ በሚለው ጥያቄ ከፋና ጅማ የተሟገቱትን ያህል የተሟገቱ ጎረቤቶች ብዙ የሉም። ከፋ በዴቻ ወረዳ ያለውን የማንኪራ ጫካ ይጠቅሳል፤ ጅማ በጎማ ወረዳ ጮጬ የሚገኘውን ከታ ሙዱጋን ይጠራል። በከፋ ዋና ከተማ በቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ከቆመም በኋላ ሙግቱ አልበረደም። በበዓል መድረክ ይነሳል፣ በሲምፖዚየም ይነሳል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲነሳ ደግሞ ስድብ ይጨመርበታል። የሚገርመው ሁለቱ ተሟጋቾች በንጉሡም በደርግም ዘመን በአንድ አስተዳደር ስር መኖራቸው ነው፤ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማ ነበረች።

ሙግቱ ለታሪክ ተመራማሪና ለቱሪዝም ቢሮ ይጠቅም ይሆናል። እሸት ቡና ለቅሞ ለሰብሳቢ ለሚያስረክበው በከፋ የጊምቦ ወይም የጌዋታ ወረዳ ገበሬ ግን በኪሎ አምስት ሳንቲም አይጨምርለትም። ለምን እንደማይጨምርለት ለመረዳት ከቡና ወጣ ብሎ የወይን ጠጅን ገበያ ማየት ይረዳል።

የወይን ጠጅ የተወለደው ጣሊያን አይደለም። እስካሁን ከተገኙት ማስረጃዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ጆርጂያ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ፣ 8,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሸክላ ስባሪ ነው። ጆርጂያውያን በዚህ ይኮራሉ፤ መብታቸውም ነው። ዓለም ግን ውድ ዋጋ ከፍሎ የሚገዛው የጣሊያኑን ባሮሎና ብሩኔሎ ነው። ጣሊያኖች መጠጡን አልፈጠሩትም። የሠሩት ሥራ ሌላ ነው፦ ለየአካባቢው ስም ወሰን አሰመሩ፣ በስሙ ለሚሸጠው ነገር ደንብ ጻፉ፣ ደንቡን የሚጥስ ሰው ስሙን እንዳይጠቀም ከለከሉ።

ከፋ ከዚህ የሚማረው ትልቅ ነገር አለ ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል። ገበያ ለትውልድ ቦታ አይከፍልም። የሚከፍለው በስሙ የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ወሰን እንደመጣና ማን እንዳረጋገጠው ለሚመሰክር ደንብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጣሊያኖቹ መሰላል

ታሪኩ ከሕግ ይቀድማል። በ1716 የቶስካናው ገዢ ኮሲሞ 3ኛ ዴ ሜዲቺ የኪያንቲን ጨምሮ የአራት የወይን አካባቢዎችን ወሰን በአዋጅ ከለለ። በ1924 ራዳ በምትባል ትንሽ ከተማ 33 አምራቾች ተሰብስበው የኪያንቲን ስም የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ፤ ጥቁር አውራ ዶሮ አርማቸው ሆነ። የጣሊያን መንግሥት አገር አቀፍ የመነሻ ስም ሕግ ያወጣው ግን በ1963 ነው። በመካከሉ ያለው 39 ዓመት ትልቅ ትምህርት አለው፤ አምራቾቹ መንግሥት ሕግ እስኪያወጣላቸው አልጠበቁም።

ሕጉ ያቆመው ሥርዓት መሰላል ይመስላል። ከታች ተራው የማዕድ ወይን ጠጅ አለ። ከእርሱ በላይ በ1992 የተጨመረው አይጂቲ የሚባለው እርከን ይመጣል፤ ሰፊ አካባቢን ይጠቅሳል፣ ደንቡም ላላ ይላል። ከዚያ ዲኦሲ (ቁጥጥር የሚደረግበት የመነሻ ስም) ይከተላል፤ በ1966 የመጀመሪያውን ያገኘው የሳን ጂሚኛኖው ቬርናቻ ነበር። ከሁሉ በላይ ዲኦሲጂ (ቁጥጥርም ዋስትናም ያለው የመነሻ ስም) አለ፤ ከ1980 ጀምሮ ባሮሎና ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖን ለመሳሰሉት ተሰጠ። ዛሬ ከ70 በላይ ዲኦሲጂዎችና ከ300 በላይ ዲኦሲዎች አሉ።

የባሮሎን ደንብ ብቻ ብንገልጥ የአሠራሩ መንፈስ ይገባናል። ወይኑ ፒየሞንቴ ውስጥ ከተከለሉ 11 ቀበሌ መሰል አስተዳደሮች ብቻ መምጣት አለበት። ዝርያው ነቢዮሎ ብቻ ነው፤ አንድ እፍኝ ሌላ ዝርያ መቀላቀል ክልክል ነው። ከአንድ ሄክታር ከ80 ኩንታል በላይ ወይን ከተለቀመ ትርፉ ባሮሎ ሊባል አይችልም። ጠጁ ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል። በመጨረሻ በቤተ ሙከራ ይመረመራል፣ የቀማሾች ጉባኤ ይቀምሰዋል። ሲያልፍ ብቻ ቁጥር ያለው ወረቀት በጠርሙሱ አንገት ላይ ይለጠፋል። ወሰን፣ ዝርያ፣ አሠራር፣ አረጋጋጭ፤ አራቱ ከተሟሉ ስሙ ዋጋ አለው፤ አንዱ ከጎደለ ስሙ ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል።

ጣሊያኖች የተሳሳቱበት

ሥርዓቱን እንደ ጻድቅ መመልከት ግን አያስፈልግም። ጣሊያኖች ሦስት ጊዜ በከባዱ ተሰናክለዋል፤ ሦስቱም ለከፋ ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው የወሰን ስሕተት ነው። በ1932 የኪያንቲ ወሰን ከጥንቱ እምብርት ወጥቶ ሰፊውን የቶስካና ክፍል እንዲሸፍን ተደረገ። ብዙ አምራች በአንድ ጊዜ የስሙ ባለቤት ሆነ። ኪያንቲም በሣር በተጠለፈ ጠርሙስ በየምግብ ቤቱ የሚቀመጥ ርካሽ መጠጥ ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ታወቀ። የጥንቱ አካባቢ አምራቾች ራሳቸውን ‹‹ክላሲኮ›› ብለው ለመለየት ረጅም ትግል ጠይቋቸዋል።

ሁለተኛው የደንብ ስሕተት ነው። በ1967 የጸደቀው የኪያንቲ ደንብ በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ነጭ ወይን እንዲቀላቀል ያስገድድ ነበር። የተሻለ ጠጅ መሥራት የፈለጉ ከደንቡ ወጡ። የአንቲኖሪ ቤተሰብ የ1971 ምርቱን ቲኛኔሎን ‹‹የማዕድ ወይን ጠጅ›› ብሎ ሸጠ፤ ከኪያንቲ ወሰን ውጭ በባሕር ዳርቻዋ ቦልጌሪ የተሠራው የ1968ቱ ሳሲካያም ከዚያ ቀደም ብሎ በዚሁ ስም ተሽጧል። በመሰላሉ ከታች ያለው ጠጅ ከላይ ካለው በላይ ዋጋ አወጣ። አይጂቲ የተባለው እርከን በ1992 የመጣው ይህን አሳፋሪ መፋለስ ለማስተካከል ጭምር ነው።

ሦስተኛው የቁጥጥር ስሕተት ነው። በ1986 ሜታኖል የተቀላቀለበት ርካሽ ወይን ጠጅ ከ20 በላይ ሰዎች ገድሏል። በ2008 ደግሞ ከሳንጆቬዜ በስተቀር ሌላ ዝርያ በማያስገባው ብሩኔሎ ውስጥ ባዕድ ወይን ቀላቅላችኋል ተብለው አምራቾች በዐቃቤ ሕግ ተመረመሩ። አሜሪካ ማረጋገጫ ካላመጣችሁ አላስገባም አለች። የብሩኔሎ አምራቾች በዚያው ዓመት ተሰብስበው ድምፅ ሰጡና ‹‹መቶ በመቶ ሳንጆቬዜ›› የሚለውን ደንብ አጸኑት። ደንቡን ማላላት ይቀላቸው ነበር፤ ስሙ የሚኖረው በደንቡ መሆኑን ስለተረዱ አላደረጉትም።

ስም ከቦታ ወደ ዝርያ ሲሸሽ

ለከፋ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የፕሮሴኮ ታሪክ ነው። ፕሮሴኮ በትሪየስቴ አጠገብ ያለች መንደር ናት። በጊዜ ብዛት ስሟ ለአንድ የወይን ዝርያ መጠሪያ ሆነ፤ ያ ዝርያ የትም ቢተከል የሚወጣው ጠጅ ፕሮሴኮ ተባለ። የዝርያ ስም ደግሞ በሕግ የማንም አይደለም። ጣሊያኖች በ2009 ያደረጉት ብልሃት የሚደነቅ ነው። ዝርያውን ‹‹ግሌራ›› በሚል የቆየ ስም ጠሩት፤ ‹‹ፕሮሴኮ›› የሚለውን ዘጠኝ አውራጃዎችን የሚሸፍን የቦታ ስም አድርገው መለሱት፤ መንደሯንም በወሰኑ ውስጥ አስገቡ። ይህም ሆኖ ነገሩ አላለቀም። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ያሉ አምራቾች ፕሮሴኮ የዝርያ ስም ነው ብለው በመሟገታቸው ጉዳዩ ለዓመታት የአውሮፓና የአውስትራሊያ የንግድ ድርድር እሾህ ሆኖ ኖሯል። ዘግይቶ የተከለለ ስም ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1930ዎቹ የእንግሊዝ መንግሥት ሹማምንት ከማጂና ከጌሻ አካባቢ፣ በቀድሞው አጠራር ከከፋ ክፍለ ሀገር፣ የቡና ዘር ሰበሰቡ። ዘሩ በኬንያ አልፎ ታንዛኒያ ውስጥ ልያሙንጉ ተተከለ። በ1953 ወደ ኮስታሪካው ቱሪያልባ የምርምር ማዕከል ተሻገረ፤ በ1960ዎቹ የቅጠል ዝገት በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ፓናማ ገባ። ለአሥርት ዓመታት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በ2004 ግን ላ ኤስሜራልዳ የተባለ የፓናማ እርሻ ለውድድር አቀረበውና በአንድ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። በ2025 የዚያው እርሻ አነስተኛ መጠን ያለው ቡና በጨረታ በኪሎ 30,204 ዶላር ወጣ።

‹‹ጌሻ›› ወይም ‹‹ጌይሻ›› ዛሬ የዝርያ ስም ነው። ኮሎምቢያም ቢተከል፣ ፓናማም ቢተከል በዚሁ ስም ይሸጣል፤ ስሙ በተነሳበት ምድር ያለ ገበሬ አንድም የሕግ ጥያቄ ማንሳት አይችልም። ሁለተኛው ስም ደግሞ በዓይናችን ፊት እየሄደ ነው። ‹‹ውሽውሽ›› ስንል ለኛ ከቦንጋ አጠገብ ያለው የሻይ ልማት ትዝ ይለናል። ኮሎምቢያ ውስጥ ግን ‹‹ውሽ ውሽ›› ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥ የቡና ዝርያ አለ። ፓናማውያንም ኮሎምቢያውያንም ሌብነት አልሠሩም፤ አክርመው፣ ለቅመው፣ አጥበው፣ ቀምሰው ነው ያደረሱት። ጥፋቱ ካለ በባለቤቱ በኩል ነው። ወሰንና ደንብ የሌለው ስም አጥር እንደሌለው ጓሮ ነውና የቀደመ ይገባበታል።

የንግድ ምልክት መንገድ

ኢትዮጵያ በስሞቿ ላይ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2003 ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመለከተ። በዚህ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ከላይ ያነሳነው ነገር ራሱ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል፣ ስለዚህ የማንም ንብረት ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ተከራከረ። ስታርባክስ ደግሞ ‹‹ሲዳሞ›› የሚል ስም ያለበት የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበር። ኦክስፋም በ2006 ዘመቻ ከፈተ፤ በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማሙ። ሦስቱም ስሞች በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተመዘገቡ።

ያ ድል እውነተኛ ድል ነበር። መንግሥት የንግድ ምልክትን የመረጠበት ምክንያትም ተራ አልነበረም። በትንንሽ ማሳ ላይ የተበተኑ እጅግ ብዙ ገበሬዎችን እያንዳንዳቸውን የሚቆጣጠር ሥርዓት ለመዘርጋት አቅም የለም፤ ምልክቱን መንግሥት ይያዘው፣ ገዢዎችም ያለ ክፍያ በፈቃድ ይጠቀሙበት ተባለ። ነገር ግን የንግድ ምልክት የሚመልሰው ‹‹ስሙ የማን ነው›› የሚለውን ጥያቄ ነው። ‹‹በስሙ ስር ያለው ምንድን ነው›› ለሚለው መልስ የለውም። በይርጋጨፌ ስም የሚሸጥ ቡና በምን ከፍታ እንደበቀለ፣ እንዴት እንደታጠበና ማን እንደቀመሰው ምልክቱ አይናገርም። ምልክቱም የተያዘው አዲስ አበባ ነው፤ እንደ ኪያንቲው 33 አምራቾች ገበሬው ራሱ ተሰብስቦ የሚያዝበት አይደለም።

የዓለም ሕግም ለቡና አያደላም። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 23 ለወይን ጠጅና ለጠንካራ መጠጦች ከሌላው ምርት የበለጠ ጥበቃ ይሰጣል። ሌላ አገር የተሠራን ጠጅ በስማቸው መሸጥ ክልክል ነው፤ ‹‹በዚያ ዓይነት የተሠራ›› ብሎ መጻፍ እንኳ አይፈቀድም። ቡና ግን በአንቀጽ 22 ስር ነው፤ የሚጠበቀው ሸማቹ መታለሉ ሲታይ ነው። ከ2003 ጀምሮ የድርጅቱን አባልነት ስትደራደር የቆየችው ኢትዮጵያ ይህን ልዩነት ጠንቅቃ ማወቅ አለባት። ስምምነቱን ባሮሎና ሻምፓኝ ያላቸው አገሮች ሲጽፉት ቡና ያላቸው በቂ ድምፅ አልነበራቸውም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ደካማውን የሕግ ጥበቃ የሚያካክሰው በአገር ቤት የሚጻፍ ጠንካራ ደንብ ነው።

ቡና ይህን ማድረግ እንደሚችል ደግሞ ማሳያ አለ። የኮሎምቢያ ቡና አምራቾች ፌዴሬሽን ‹‹ካፌ ዴ ኮሎምቢያ›› የሚለውን ስም በ2007 በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ጂኦግራፊያዊ አመልካች አድርጎ አስመዘገበ። በአፍሪካም በ2013 የጊኒው የዚያማ ማሰንታ ቡና፣ የካሜሩኑ የፔንጃ ቁንዶ በርበሬና የኦኩ ነጭ ማር በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ተመዝግበዋል። ከእነዚህም ውስጥ በትንንሽ ማሳ ላይ የሚሠሩ ብዙ ገበሬዎች አሉ።

የከፋ ደንብ ምን ይይዛል?

ከፋ ከዜሮ አይጀምርም። ዩኔስኮ በ2010 የከፋን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሲመዘግብ 760,000 ሄክታር ገደማ መሬት በካርታ ላይ ሰፍሯል፤ ጥብቅ እምብርቱ፣ መከላከያ ቀጠናውና የልማት ቀጠናው ተለይተዋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቦንጋ ደኖች በተተገበረው አሳታፊ የደን አስተዳደር የደን ተጠቃሚ ማኅበራት የየራሳቸውን የደን ክፍል ወስነው ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመዋል። በ2004 የተቋቋመው የከፋ ደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ወደ ውጭ ይልካል፤ የከፋ የጫካ ቡና በጀርመን ገበያ የታወቀ ነው። የጎደለው እነዚህን የሚያስተሳስር፣ ‹‹ከፋ›› ለሚለው ስም የተጻፈ ደንብ ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ወሰን ነው። በ2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የከፋ አስተዳደራዊ አድራሻ ተቀይሯል፤ ወደፊትም ሊቀየር ይችላል። ደኑ ግን ከከፋ ወጥቶ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ጅማ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ የስሙ ወሰን በዞን ድንበር ከተሰመረ ፖለቲካ በተነቃነቀ ቁጥር ይነቃነቃል። ከፍታን፣ የደን ሽፋንንና የቡናውን የአበቃቀል ዓይነት መሠረት አድርጎ ቢሰመር ይጸናል። የኪያንቲን የ1932 ስሕተት ማስታወስ እዚህ ላይ ነው፤ ወሰን ሲሰፋ ድጋፍ ይገኛል፣ ዋጋ ግን ይጠፋል። የዞኑ ባለሥልጣናት ሁሉም ወረዳ እኩል ይካተት የሚል ግፊት እንደሚገጥማቸው የታወቀ ነው። ግፊቱን መቋቋም የሚቻለው መሰላል በመሥራት ነው። ‹‹ከፋ›› የሚለው ሰፊ ስም የጓሮና የከፊል ጫካ ቡናን ይያዝ። ‹‹የከፋ ጫካ ቡና›› የሚለው ጠበቅ ያለ ስም ራሱ በቅሎ በዛፍ ጥላ ስር ለሚኖረው ቡና ብቻ ይሁን። ማንኪራን የመሰለ የአንድ ቦታ ስም ደግሞ ከላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዘር ነው። ባሮሎ ነቢዮሎን ብቻ እንደሚቀበል፣ የጫካው እርከን በደኑ ውስጥ በተፈጥሮ የበቀሉ ዛፎችን ብቻ መቀበል አለበት። በምርምር ማዕከላት የተመረጡ ምርታማ ዝርያዎች ለጓሮና ለእርሻ ጥሩ ናቸው። ወደ ጫካ ከገቡ ግን ገዢው የሚከፍልበት ልዩነት ይደበዝዛል፤ የዱር አረቢካ ብዝኃነትም ይሸረሸራል። ይህ ከገበያ በላይ የዓለም ጉዳይ ነው፤ የወደፊቱ የቡና በሽታና የሙቀት መቋቋሚያ የሚፈለገው በነዚሁ ደኖች ውስጥ ነውና።

ሦስተኛው አሠራር ነው። ቀይ የበሰለ እሸት ብቻ ይለቀም፤ ጀንፈሉ መሬት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ይድረቅ፤ ከየትኛው የደን ክፍል እንደመጣ የሚናገር ቁጥር ከጆንያው አይለይ። እዚህ ላይ የሀገሪቱ የግብይት ታሪክ እንቅፋት ሆኖ ኖሯል። ከ2008 ጀምሮ የምርት ገበያው ቡናን በአካባቢና በደረጃ መድቦ ሲያገበያይ ለዋጋ ግልጽነት ጠቅሟል፤ የአንድ ገበሬ ወይም የአንድ ማኅበር ቡና ግን ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ማንነቱን ያጣ ነበር። በ2017 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ቡና ከመነሻው እስከ መዳረሻው ሊታወቅ የሚችልበትን በር ከፍቷል። ደንብ ያለው ስም በዚህ በር መግባት አለበት።

አራተኛው ጥያቄ ክፍያና ጥበቃ የሚጋጩበት ነው። ለጫካ ቡና ከፍ ያለ ዋጋ ከተከፈለ ገበሬው ብዙ ቡና ለማግኘት ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፣ ዛፉን ያሳሳል፤ ጫካው ቀስ በቀስ ከፊል ጫካ ይሆናል። በጫካ ስም የሚከፈል ዋጋ ጫካውን ሊበላው ይችላል። ጣሊያኖች በሄክታር ጣሪያ ያበጁት ለዚህ ዓይነቱ ፈተና ነው። የከፋ ደንብም ከእያንዳንዱ የደን ክፍል የሚወጣ ቡና ጣሪያ፣ መቀነስ የሌለበት የዛፍ ሽፋንም ይኖረው ዘንድ ግድ ነው። ጣሪያውን ያለፈ ገበሬ ትርፉን በታችኛው እርከን ስም ይሽጥ።

ጠረጴዛው ላይ ማን ይቀመጣል?

ደንብ የሚጽፍ አካል የሚያከብረው ሰው ማፍራት አለበት። ለዚህ የተዘጋጀ የሕግ መሣሪያ አለ። በ2006 የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ማኅበር የሆኑ አምራቾች የጋራ የንግድ ምልክት ባለቤት እንዲሆኑ ይፈቅዳል። ለጂኦግራፊያዊ አመልካች የተለየ ሥርዓት እስኪጸና የሚጠብቅ ሰው የኪያንቲን 39 ዓመት ያስታውስ። ማኅበሩ መጀመሪያ ይቁም፤ ሕጉ ሲመጣ ደንቡን ይዞ ይገባበታል።

ግን የማን ማኅበር? ዩኒየኑ አባል ነው፤ የቦንጋ አቅራቢዎችና ላኪዎችም ከውጭ ሊቀሩ አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ወገንም አለ። ማንጆ ተብሎ የሚጠራው ማኅበረሰብ ኑሮው ለዘመናት በደኑ ላይ የተመሠረተ፣ በማኅበራዊ ግንኙነት ግን ለረጅም ጊዜ የተገለለ ነው። ደኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ይህ ሕዝብ በጠረጴዛው ላይ ካልተቀመጠ ደንቡ በእርሱ ላይ የተጻፈ የክልከላ ዝርዝር ይሆናል፤ ክልከላ የበዛበት ሰው ደግሞ ደንብ አያከብርም። ወሰን ሲሰመር ማን ውስጥ እንደቀረና ማን ውጭ እንደተጣለ መጠየቅ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ የስሙ ዕድሜም በዚሁ ይወሰናል።

ማኅበሩ የራሱን አባል ‹‹ይህ ቡና በስማችን አይሄድም›› የማለት አቅም ሊኖረው ይገባል። ቦንጋ ላይ የሚቀመጥ የቀማሾች ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ከአካባቢው የወጡ፣ ከሻጭም ከገዢም ደመወዝ የማይበሉ ቀማሾች። ጎረቤትን ወይም ዘመድን ‹‹አላለፍክም›› ማለት በኛ አገር ቀላል አይደለም። የብሩኔሎ አምራቾችን በ2008 ያዳናቸው ግን ደንባቸውን ለማንም አለማላላታቸው ነው።

ምናልባት ማሩ ይቅደም

ቡና ትልቅ ገበያ፣ ብዙ ባለ ድርሻና የቆየ የትውልድ ሙግት አለው። የከፋ ማር ግን እንዲህ ያለ ሸክም የለበትም። ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ከሚሰቀል ቀፎ የሚወርደው የጫካ ማር እንደየወቅቱ አበባ መልኩ ይለያያል፤ ገተማ ሲያብብ ነጩ ማር ይመጣል። የካሜሩኑ የኦኩ ነጭ ማርም የሚገኘው ገተማን ጨምሮ ከተራራማ ደን ዛፎች ነው፤ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት ደን፣ ልዩነቱ የእነሱ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ ከ2008 ጀምሮ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ከሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ወሰን ማስመር፣ የአበባ ወቅት መመዝገብ፣ እርጥበት መለካት፣ ስኳር የቀላቀለን ማባረር፤ ይህ ሁሉ በማር ላይ ቢለመድ ለቡናው የሚያስፈልገው ልምድ በአነስተኛ ወጪና በአነስተኛ ጠብ ይገኛል። ኮረሪማና ጥምዝም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ጊዜው አጭር ነው

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ደንብ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ መሬት የመጣን ቡና ይከለክላል፤ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲቀርብም ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ ላኪዎች ግን ከወዲሁ የማሳ መረጃ እየሰበሰቡ ነው። ለብዙዎች ይህ ተጨማሪ ወጪ ነው። ለከፋ ግን ከሌላ አቅጣጫ ሲታይ፣ ለወሰንና ለአባላት መዝገብ የሚያስፈልገው ከባዱ ሥራ በሌላ ምክንያት እየተሠራ ነው። መረጃው በላኪው ኮምፒዩተር ቢቀር ለአንድ ወቅት ሽያጭ ይጠቅማል። ወደ ማኅበሩ መዝገብ ቢገባ ግን የስሙ መሠረት ይሆናል። ስለዚህ ዩኒየኑና ዞኑ ከላኪዎች ጋር ሲዋዋሉ መረጃው ለገበሬዎቹ ማኅበር እንዲቀር በውሉ ውስጥ ማስገባት አለባቸው። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

ማንኪራና ጮጬ ሙግታቸውን ይቀጥሉ፤ ለታሪክ ይጠቅማል። የገበሬውን ገቢ የሚወስነው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ‹‹ከፋ›› ተብሎ የተጻፈበትን ጆንያ የሚገዛ ሰው በውስጡ ምን እንዳለ በእርግጠኝነት ማወቅ ይችላል ወይ? ዛሬ መልሱ አይችልም ነው። ጌሻ የዝርያ ስም ሆኖ ለዓለም ከሄደ ቆይቷል፤ ውሽውሽም በመንገድ ላይ ነው። ከፋ ሦስተኛው እንዳይሆን መጀመሪያ የሚጻፈው የትውልድ ምስክር ወረቀት ሳይሆን ገበሬው ራሱ የሚፈርምበት ደንብ ነው፤ ደንቡ ደግሞ ከሁሉ በፊት ‹‹ይህ አይደለም›› ማለት የሚችል መሆን አለበት።